ሕንጻው በሕግ ዓይን «አደገኛ» ነው ወይስ አርጅቶ ብቻ ነው? ለአዳማ ተከራይ፣ ባለቤትና ጎረቤት

አዳማ ውስጥ ስለ ቤት ሲወራ ሁለት ነገር ይደባለቃል። አንዱ ሕገ ወጥ ግንባታ የሚባለው ነው። ሌላው አደገኛ ሕንጻ ነው። ካርታና ፈቃድ ካለው «ምን ይሆናል» ብለን እንገባለን፣ ፈቃድ ከሌለው ደግሞ ዛሬ ነገ ይወድቃል ብለን እንሸሻለን። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ፈቃዱ የተሰጠው ወረቀቱ ላይ ላለው ፕላን ነው፣ ከዚያ በኋላ ፎርማኑ የቀነሰውን ፌሮ ወረቀቱ አያውቀውም። በሌላ በኩል እናቶቻችን ያሳደጉን የጭቃ ቤት ግድግዳው በየዓመቱ እየተመረገ፣ ጣሪያው እየታየ፣ ውኃ ከሥሩ እንዳይገባ ቦይ እየተቀደደለት ከቆየ ማንም አደገኛ ሊለው አይችልም።

ሕጉ የሚጠይቀው ስለ ዕድሜው ወይም ስለ መልኩ አይደለም። በሰው ሕይወት ወይም በንብረት ላይ አደጋ ያመጣል ወይ? ወይም ሊያመጣ እንደሆነ ምልክት ያሳያል ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው። መነሻው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው፣ ዝርዝሩ ደግሞ በደንብ ቁጥር 243/2003 አለ። ሕግ ስለሚሻሻል ቢሮ ስትሄዱ አሁን በሥራ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። የሚወስነው ሰው «የሕንጻ ሹም» ይባላል። የከተማው አስተዳደር የሚመድበው ባለሙያ ነው። ሕንጻው እንዲመረመር፣ እንዲጠገን፣ ሰው እንዲወጣበት ወይም እንዲፈርስ ማዘዝ የሚችለው እሱ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር አይደለም። የቤቱ ደላላም አይደለም (ደላላው «ይሄ ቤት መቶ ዓመት ይኖራል» ቢላችሁ እንኳ)።

እንግዲህ ምን እንደምታዩ እንነጋገር።

መጀመሪያ ስንጥቅ። ሁሉም ሰው የሚፈራው እሱን ነው፣ ግን አብዛኛው ስንጥቅ ምንም አይደለም። ልስን ሲደርቅ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ያወጣል። የብሎኬት ግድግዳ ከኮለን (ሕንጻውን ከሚሸከመው ምሰሶ) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅም በየቤቱ አለ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለተጠጋጉ የሚመጣ ነው። የሚያሳስበው ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድና ከአንድ ጫፍ እየሰፋ የሚመጣ ነው። መሠረቱ በአንድ በኩል እየሰመጠ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ኮለን ወይም ቢም (ኮለኖቹን የሚያገናኘው አግዳሚ) ላይ ያለ ስንጥቅ ነው። ግድግዳ ቢፈርስ አንድ ክፍል ይጎዳል፣ ኮለን ቢለቅ ግን ከላዩ ያለው ሁሉ ይከተለዋል። ስለዚህ ቤት ስታዩ ዓይናችሁን ከቀለሙ አንሱና ኮለኑን ፈልጉ።

ስንጥቁ እየሠራ ነው ወይስ ድሮ ቆሟል? ይህን ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልግም። ትንሽ ጀሶ አቡኩና ስንጥቁን አቋርጦ እንዲያልፍ በእጅ መዳፍ ስፋት ለጥፉ። ሲደርቅ ላዩ ላይ ቀኑን ጻፉ። ጎኑ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም ይዛችሁ ፎቶ አንሱ። ከሳምንታት በኋላ ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው፣ ማስረጃም በእጃችሁ አለ። ካልተሰነጠቀ ቢያንስ ለጊዜው ቆሟል። እኔ ይህንን ከማንኛውም ክርክር እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ባለቤቱ «ድሮም እንዲህ ነበር» ሲል ቀን የተጻፈበት ጀሶ ይመልስለታል።

ፌሮው ወጥቶ ከታየስ? ከሶሌታው (ከአርማታው ወለል) ሥር ወይም ከኮለኑ ላይ አርማታው ተላጦ የዛገ ብረት ካያችሁ፣ ወይም ከቢሙ ሥር ቡናማ እድፍ በብረቱ አቅጣጫ ተሰልፎ ከወረደ፣ ውስጥ ያለው ብረት እየተበላ ነው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ አርማታውን እየገፋ ይሰነጥቀዋል፣ በተሰነጠቀው በኩል ውኃ ይገባል፣ እንደገና ይዝጋል። ብዙ ጊዜ መነሻው መጸዳጃ ቤት ነው፣ ወይም ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ሮቶ። እዚህ ላይ ልስን ደፍኖ ቀለም መቀባት ችግሩን መደበቅ ነው።

ሮቶን ካነሳን አይቀር፣ ስለ ክብደት እንናገር፣ አዳማ ላይ ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ቶን ነው። አምስት ሺህ ሊትሩን ሮቶ ሶሌታ መሃል ላይ ያስቀመጠ ሰው አምስት ቶን በአንድ ቦታ አስቀምጧል፣ ፕላኑ ላይ ካልታሰበለት ደግሞ ሶሌታው ስለሱ አያውቅም። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚነደፈው ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት መቶ ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ነው። ለሰው፣ ለአልጋና ለሶፋ ይበቃል። አሁን እዚያ ላይ እህል አስቡ። አዳማ የመተላለፊያና የንግድ ከተማ ናት፣ የጅቡቲ መኪና የሚያልፍባት፣ ቤት ሁሉ መጋዘን መሆን የሚችልባት። መቶ ኪሎ ኩንታል ጤፍ አምስት ሆኖ ሲደረደር ግማሽ ካሬ ሜትር ላይ አምስት መቶ ኪሎ ሆነ። ይህ ከታሰበው አምስት እጥፍ ነው። ፎቅ ላይ ያለ መኖሪያን ወደ መጋዘን መቀየር በሕግ የአጠቃቀም ለውጥ ነው፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ያለ ፈቃድ ከተደረገ ደግሞ ግድግዳው አንድም ስንጥቅ ሳይኖረው ሕንጻው አደገኛ ሊባል ይችላል። መኖሪያ ቤት መዋዕለ ሕጻናት ሲሆንም ነገሩ ያው ነው። እዚያ ላይ ጥያቄው ከክብደቱ ይልቅ መውጫው ነው።

በረንዳን ለብቻው ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስላለ። ወደ መንገድ ወጥቶ የተንጠለጠለ በረንዳ የሚይዘው ብረት ሶሌታው ውስጥ ወደ ላይኛው ፊት መሆን አለበት። ሲሚንቶ ሲፈስ ሠራተኛ ብረቱን ይረግጠዋል፣ ይወርዳል፣ ማንም አያየውም። ቤቱ ያምራል፣ በረንዳው ግን የሚይዘው የለም። ምልክቱ ከሥር አይታይም። ከላይ ውጡና በረንዳው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ፣ ከግድግዳው ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ መኖሩን ተመልከቱ። ሴራሚክ ከተነጠፈበት ሴራሚኩ በዚያ መስመር ይሰነጠቃል ወይም ይነሳል። ጫፉ ላይ ውኃ አፍስሱ፣ ወደ ውጭ በፍጥነት ከሮጠና ድሮ እንደዚያ ካልነበረ ዘንበል ብሏል። እንዲህ ያለ በረንዳ ላይ ለሰርግ ሰው አታስቁሙ። የልብስ ማጠቢያ ገንዳም አታስቀምጡ።

«ለወደፊት» ተብሎ ከሶሌታው በላይ የተተወ ፌሮስ? ያ ፌሮ ፈቃድ አይደለም። ጂ+1 (ከምድር ላይ አንድ ፎቅ) ብሎ የተፈቀደለት ሰው ላዩ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ሲጨምር ከታች ያለው መሠረትና ኮለን ተጨማሪውን እንደሚችል በስሌት ማሳየትና አዲስ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ዓመታት በዝናብና በፀሐይ የዛገው ጫፍም እንዳለ አይቀጠልበትም።

የአዳማ መሬት ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከታች ያለው ብዙው የእሳተ ገሞራ አመድና ቀላል ድንጋይ ነው፣ ውኃ ሲገባበት ይላላል፣ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ በየክረምቱ እንግዳ አይደለም። የመሬት መንቀጥቀጡም ወሬ አይደለም። በ2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለሳምንታት ሲንቀጠቀጥ አዳማም ተሰምቷል፣ ታኅሣሥ 26 ከ5.5 በላይ የሆነ፣ የካቲት 7 ደግሞ 6 የደረሰ ነበር። የኢትዮጵያ የሕንጻ ኮድ ለዚህ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፣ በ1987ቱ ኮድ ስምንተኛው ነው፣ በኋላም በ2007 አዲስ ስታንዳርድ ወጥቷል። በኮዱ ያልተሠራ ሕንጻ ሁሉ ነገ ይወድቃል ማለት አይደለም። ግን አንድ ዓይነት ሕንጻ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ፤ ምድር ቤቱ በሙሉ ሱቅ ሆኖ ግድግዳ የሌለው፣ በቀጫጭን ኮለን ብቻ የቆመ፣ ከላዩ ግን በብሎኬት የታጨቀ ሦስትና አራት ፎቅ። ዋናው መንገድ ላይ ሞልቷል። መሬት ሲወዛወዝ ጉዳቱ የሚሰበሰበው በዚያ ባዶ ወለል ላይ ነው። ሱቁን ለማስፋት ደግሞ አንድ ግድግዳ ከፈረሰ ነገሩ ይባስ ይሆናል።

ጎረቤት ሲቆፍርም ጠብቁ። አጠገባችሁ ቤዝመንት ያለው ሕንጻ ሊሠራ ጉድጓዱ ከእናንተ መሠረት በታች ከወረደና አፈሩን የሚይዝ ነገር ካልተሠራለት፣ አደገኛ የሆነው ገና ያልተሠራው የእሱ ሕንጻ ሳይሆን የእናንተ ቤት ነው። ግንባታ የሚያካሂድ ሰው የአጎራባቹን ቤትና መንገደኛውን መጠበቅ የሕግ ግዴታው ነው። ቁፋሮው ሲጀመር፣ ከመጀመሩ በፊትም ቢሆን፣ የቤታችሁን ግድግዳ ሁሉ ፎቶ አንሱ። በኋላ «ስንጥቁ ድሮም ነበር» እንዳይባል።

ነፋሱን አንርሳ። በከተማችን ዙሪያ የነፋስ ተርባይን የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቆርቆሮ በድንጋይ ተጭኖ የቆመ ቤት፣ ሳይታሰር የቆመ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ብሎኬት ብቻ የተደረደረበት የጣሪያ ዳር ግንብ፣ እነዚህ ሁሉ ለመንገደኛ አደጋ ናቸው። ሕንጻው ራሱ ጤነኛ ሆኖ ይህ አንዱ ክፍሉ ብቻ አደገኛ ሊባል ይችላል፣ ትእዛዙም ለዚያ ክፍል ብቻ ይሆናል።

መውጫ። ሆቴል፣ አዳራሽ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ከሆነ ነገሩ ጠንከር ይላል። አዋጁ ሕንጻዎችን በሦስት ይከፍላል። ምድብ ሀ ትንንሹ ነው፣ በኮለኖች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ወለል ቤት ዓይነት። ምድብ ሐ ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ፣ ፋብሪካ፣ ወርክሾፕና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነው። በመካከል ያለው ምድብ ለ ነው። ምድብ ሐ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመጠቀሚያ ፈቃድ ማውጣት አለበት። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፣ በየሳምንቱ አንድ አዳራሽ ሞልቶ ይውላል። ስትገቡ አንድ ጊዜ ዙሪያውን እዩ። ሁለተኛው መውጫ የት ነው? በሰንሰለት ታስሯል? ደረጃው ላይ ወንበርና የቢራ ሳጥን ተደርድሯል? ኩሽናው ጋዝ ሲሊንደር መውጫው ሥር አስቀምጧል? ይህ ሁሉ ኮለኑ ምንም ባይሆን እንኳ ለሕንጻ ሹሙ የሚነገር ነገር ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ። መጀመሪያ ባለቤቱን አነጋግሩ። ጠብ ሳይሆን እንዲህ፦ «እትዬ፣ በረንዳው ላይ ያለው ስንጥቅ ሰፍቷል፣ ጀሶ ለጥፌ ነበር፣ ተሰነጠቀ። ልጆቹ እዚያ እንዳይወጡ አድርጌያለሁ፣ መሐንዲስ ቢያየው ጥሩ ነው።» ብዙ ሰው በዚህ ይንቀሳቀሳል። ካነጋገራችሁ በኋላ ያንኑ ነገር ከፎቶው ጋር በቴሌግራም ጻፉላቸው፣ ቀኑ ይቀመጣል። ዋና ዋና ጥገና የአከራይ ግዴታ ነው፣ የተከራይ ድርሻ ጥቃቅኑ ነው። «አንተ ነህ የምትኖርበት፣ አንተ አሠራ» የሚለው መልስ ለኮለን አይሠራም።

ካልሰሙ ማመልከቻ። ሁለት ቅጂ። የአዳማ ቢሮዎች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በሱ ብትጽፉ ፋይሉ ይፈጥናል፣ ካልቻላችሁ ቢሮዎቹ አካባቢ የሚጽፉላችሁ አሉ። ይዘቱ አጭር ይሁን፦

«ለአዳማ ከተማ የሕንጻ ሹም። እኔ አመልካች በ… ክፍለ ከተማ፣ በ… ወረዳ፣ በቤት ቁጥር … ተከራይቼ እኖራለሁ። ከ… ቀን ጀምሮ በምድር ወለሉ በመንገድ በኩል ባለው ኮለን ላይ ስንጥቅ ታይቷል፣ አርማታው ተላጦ ብረቱ ወጥቷል። በሕንጻው ላይ … ቤተሰብ ይኖራል፣ ከሥሩም ሕዝብ ያልፋል። ባለቤቱ በ… ቀን በጽሑፍ ተነግሯቸዋል። ቢሮው ባለሙያ ልኮ እንዲያይልንና ውሳኔውን በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ አመለክታለሁ። … ፎቶ አያይዣለሁ።»

ልብ በሉ፣ «ቤቱ ሊወድቅ ነው» አላልንም። ያየነውን ብቻ ነው የጻፍነው። ፍርዱ የባለሙያው ነው፣ እናንተ ከደመደማችሁ ባለቤቱ «ስሜን አጠፋ» ብሎ ሊመጣ ይችላል። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ሁለተኛውን ቅጂ ማኅተምና ቁጥር አስደርጉበት። ያለ ቁጥር የገባ ማመልከቻ አልገባም ብላችሁ ቁጠሩት።

ሹሙ አይቶ ብዙ ጊዜ የሚያዘው ባለቤቱ የተመዘገበ ባለሙያ ቀጥሮ እንዲያስመረምርና ሪፖርት እንዲያመጣ ነው። ወይም በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲጠግን። አደጋው ቅርብ ከሆነ ሰው እንዲወጣ ያዛል፣ ከዚያም ማፍረስ አለ። ባለቤት ሆናችሁ ትእዛዝ ቢደርሳችሁና ልክ አይደለም ብትሉ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ አለ። ግን ይግባኙ እስኪታይ ሰው አስቀምጦ መጠበቅ ይቅርባችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2077 የሕንጻ ባለቤት ሕንጻው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ አደጋው አስቀድሞ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። «አላወቅሁም» መከላከያ አይሆንም። ግንበኛውን በኋላ መጠየቅ ይቻላል፣ ተጎጂውን ግን መጀመሪያ የሚክሰው ባለቤቱ ነው። የጎረቤት ሕንጻ የሚያሰጋው ሰውም ባለቤቱ መከላከያ እርምጃ እንዲወስድ መጠየቅ ይችላል። ተከራዮች ደግሞ በዚህ አትደሰቱ፣ ከቤት ወደ ውጭ ለሚወድቅ ዕቃ ተጠያቂው በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው። በረንዳ ጫፍ ላይ ያለውን የአበባ ማሰሮ ወደ ውስጥ አስገቡት።

ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ፣ ኮለን፣ ቢም፣ ሶሌታና ጣሪያ የጋራ ነው፣ የማንም የግል አይደለም። የላይኛው ጎረቤት ለቧንቧ ብሎ ሶሌታውን ሲበሳ የፕሪካስት ቢሙን (ተዘጋጅቶ መጥቶ የተገጠመውን) ከነካ ጉዳዩ የእናንተም ነው። ማመልከቻው በነዋሪዎቹ ማኅበር ስም ቢገባ የበለጠ ክብደት ይኖረዋል።

ማመልከቻ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ኮለን ላይ አርማታው እየፈነዳ ከወደቀ፣ ግድግዳው ውስጥ የመሰበር ድምፅ ከተሰማ፣ ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ በድንገት ከተጣበቀና አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ደረጃው ከወለሉ ከተላቀቀ፣ ውጡ። ጎረቤት አንኳኩ፣ ጋዙን ዝጉ፣ ቆጣሪውን አጥፉ፣ መንገዱን በገመድም በድንጋይም ዝጉ፣ ፖሊስ ጥሩ። ለቴሌቪዥን አትመለሱ። ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ካለፈ በኋላም ሕንጻው ሳይታይ አትግቡ፣ ተከታይ መንቀጥቀጥ አለ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ደግሞ «ተሠርቷል» በሚለው ቃል አትመለሱ። ቀለም ያልተቀባውን ሥራ ፎቶ ጠይቁ። የተመዘገበው ባለሙያ የፈረመበትን ሪፖርት ቅጂም ጠይቁ፤ የትኛው ኮለን፣ በምን ተጠናከረ፣ ምን ያህል ክብደት ይችላል ብሎ መጻፍ አለበት። የመውጫ ትእዛዝ የነበረበት ቤት ከሆነ ደግሞ ትእዛዙ መነሳቱን ሹሙ በጽሑፍ እስኪሰጥ ድረስ ኪራይ አትክፈሉ፣ ዕቃም አታስገቡ።